ስምንቱ መቆንጠጫዎች

የአባቴ ኮት ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ አለ። ኮቱን ሲቀይር መቆንጠጫውም አብሮ ይዛወራል። ሐኪም ቤት ኪስዎን ያራግፉ ሲሉት መነጽሩን፣ መሐረቡንና መቆንጠጫውን ጠረጴዛው ላይ በተራ ይደረድራል። ነርሷ ዞር ብላ ስታየኝ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ምን ልበላት?

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺ ልጅ፣ ነገር መጎርጎር አይሰለችሽም?» ትለኝ ነበር። አይሰለቸኝም። የዚህን መቆንጠጫ ነገር ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎርጉሬ መጨረሻውን ያገኘሁት ባለፈው ዓመት፣ በአንድ ቀን፣ ዳገት ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። አፍንጫዋ ወደ ፊት ወጣ ያለ፣ ክብ ክብ መብራት ያላት አንዲት የቤንዚን አውቶቡስ ለአሥራ አራት ዓመት ነድቷል። መንዳት ያስተማረው ሽማግሌ ሹፌር ቤንዚን ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ላይ ስምንት የእንጨት መቆንጠጫ ይሰካ ነበርና አባቴም ይሰካ ነበር። «ለምንድን ነው?» ስለው «ዳገት ላይ ሞተሩ እንዳይታፈን» ይለኛል። «መቆንጠጫ እንዴት አድርጎ?» «እንዲህ ነው የሚደረገው፤ በቃ!» እናቴ ልብስ ባሰጣች ቁጥር መቆንጠጫ ይጎድልባትና «አንድ ቀን ይቺን አውቶቡስ ገመድ ላይ ባላሰጣት!» እያለች ትጮኻለች።

ነገር የተበላሸው አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ጢም ብሎባት፣ አውቶቡሷ ረጅሙን ዳገት ስትወጣ ቆይታ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሞተሩ ድርግም አለ። ፍሬኑ ያን ሁሉ ሰው መያዝ አቃተውና ወደ ኋላ ተንሸራተተች። አባቴ መሪውን ጠምዝዞ ኋላዋን ከግንብ ጋር ባያላትማት ኖሮ ገደል ትገባ ነበር። የሞተ የለም። አንዲት ሴትዮ እግሯ ተሰበረ፣ መስታወትም ረገፈ። ኮፈኑ ሲከፈት ቱቦው ላይ አንድም መቆንጠጫ የለም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። አባቴ «መቆንጠጫዬን ያነሳብኝ ሰው አለ» አለ። ሰዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ያን ዕለት ጠዋት ሞተሩን ያጠበውን የጋራዥ ሠራተኛ ጠርተው ጠየቁት። «እኔ መቆንጠጫ የሚባል ነገር አላየሁም» አለ። በዚያው አለቀ። «የሹፌር ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈና አባቴ ከመሪ ተነስቶ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዲፖ በር ጠባቂ ሆነ። ጡረታ እስኪወጣ አሥራ ሰባት ዓመት፣ ለገዛ አውቶቡሱ ሳይቀር በር ከፈተ። ያን የብረት በር ነፋስ እየመለሰ ስለሚያስቸግረው በእግሩ ደግፎ ነበር የሚቆመው፤ የቀኝ ጫማው ጎን ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቅ ነበር። የዲፖ ሰውም ስሙን ትቶ «መቆንጠጫው» ይለው ጀመር።

ያ የጋራዥ ሠራተኛ አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ቢበልጠኝ በስድስት ዓመት ነው፣ አንድ ቤት ነው ያደግነው። አንድ ማዕድ ላይ እየበላን ስለዚያ ቀን ማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ተባለና ቀረ።

እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አባቴ ራሱን ማመን አቆመ። በር ይቆልፋል፣ ተመልሶ ያያል፣ ደግሞ ይመለሳል። «ቆለፍኩት እንዴ?» «ቆልፈኸዋል አባዬ።» «እርግጠኛ ነሽ?» ምድጃው፣ ቧንቧው፣ መብራቱ፣ ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ ይታያል። መጀመሪያ እርጅና መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ያን ዕለት ጠዋት መቆንጠጫዎቹን ሰክቶ ይሁን ረስቶ እሱ ራሱ አያውቅም። «ያነሳብኝ ሰው አለ» ያለው ሰው፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ፣ «ምናልባት እኔ ነኝ የረሳሁት» ወደ ማለት ሄዷል። ኪሱ ውስጥ ያለችውን መቆንጠጫ የሚደባብሳት ለዚህ ነው። እኔም እንደ እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆኛለሁና ጥያቄው በሁለት በኩል ይበላኛል። ሰክቶ ነበር ወይስ ረስቶ? ደግሞስ መቆንጠጫ ለሞተር ምን ያደርግለታል?

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ኦሪጅናል» ነው የሚለው። የራሱን ጋራዥ ከከፈተ ወዲህ አንድ ዕቃ ከፋብሪካው ካልሆነ እጁ አይነካውም። እናቴ በሞተች በዓመቱ ያችኑ የአባቴን አውቶቡስ ከቁራጭ ብረት ክምር ውስጥ ጎትቶ አወጣት። ጎማ የላት፣ መስታወት የላት፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ዕንቁላሏን ታቅፋለች። ሦስት ዓመት ሠራት። የፋብሪካውን መጽሐፍ ከየት እንዳገኘው እሱ ይወቅ፣ ገጹ ሁሉ ግራሶ ጠጥቷል፤ አንዲት ብሎን ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር ካልገጠመች ፈትቶ ይወረውራታል። እኔም በእረፍት ቀኔ እየሄድኩ ዝገት ስፍቅ፣ ወንበር ሳለብስ እጄ ተላጠ። ሐሳቡ በየዓመቱ በሚደረገው የድሮ መኪኖችና አውቶቡሶች ትርኢት ላይ አንደኛ መውጣት ነው። እዚያ የሚታወቀው ሕግ ሁለት ነው። መኪናው ተጎትቶ ሳይሆን በራሱ ሞተር ነድቶ መምጣት አለበት፤ ከፋብሪካ ያልመጣ ነገር ከተገኘበት ደግሞ ነጥብ ይቀነሳል።

አንድ ቀን ቱቦውን ሲገጥም «መቆንጠጫውስ?» አልኩት፣ ለቀልድ።

ፒንሳውን መሬት ላይ ወረወረው። «ይቺ አውቶቡስ ከፋብሪካ ስትወጣ መቆንጠጫ ነበራት? ገጹን ልክፈትልሽ? የት አለ መቆንጠጫ? አሳዪኝ!» የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል።

«እንዴ! ምን አልኩህ?»

«ሞተር በመቆንጠጫ አይሄድም። ሄዶም አያውቅም።»

ነገሩን ግን ያዝኩት። ሰው ስለ ልብስ መቆንጠጫ እንዲህ አይጦፍም።

የትርኢቱ ዕለት ጠዋት ጋራዡ ስደርስ ሦስት ነገር አላምር አለኝ። አንደኛ፣ አውቶቡሷ ውስጥ በየወንበሩ ላይ አንድ አንድ ከረጢት አሸዋ ተቀምጧል። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው «ለሚዛን» አለኝ። ለትርኢት የሚሄድ አውቶቡስ የምን ሚዛን ነው? ሁለተኛ፣ የትርኢቱ ሜዳ የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ሆኖ ሳለ እሱ አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሆን አንነሳም ብሎ ድርቅ አለ። ሦስተኛ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ሜዳ ለሜዳ የሆነ ሰፊ አዲስ መንገድ እያለ በአሮጌው ዳገት ነው የምንሄደው አለኝ።

«ስማ፣ ሹፌሯ እኔ ነኝ» አልኩት። «ይቺን አሮጊት በዚህ ፀሐይ፣ በዚህ ሁሉ አሸዋ፣ በዳገት የማስወጣበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ከቻለች በዳገቱ ትወጣለች፣ ካልቻለች አልሠራኋትም ማለት ነው» አለና ፊቱን አዞረ።

አባቴን ለምኖ ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያችን አውቶቡስ ያልረገጠ ሰው እሺ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አጎቴ ደጃፋችን ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ እባክዎ ይምጡልኝ» ሲለው አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «በየት በኩል ነው የምትሄዱት?» «በዳገቱ ነው ጋሼ።» አባቴ ኮቱን ለበሰ፣ ኪሱን ደባበሰ፣ በሩን ሦስት ጊዜ አየና መጣ። አውቶቡሷ ውስጥ ሲገባ መሪውን በመዳፉ ዳሰሰው። ቀጥሎ ወንበር ወንበሩን የያዙትን ከረጢቶች አየና «እነዚህ ሁሉ ትኬት ቆርጠዋል?» አለ። ሳቅን። አጎቴ ብቻ አልሳቀም። ለአባቴ ከኋላዬ ያለውን ከረጢት አንስቶ ቦታ ለቀቀለት።

ተነሳን። እንዴት እንደምትሄድ ብታዩ! ማርሹ ቅቤ ነው፣ መሪው ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ ወደ ጠቆሟት ትሄዳለች። በየመንገዱ ዳር ሰው እጁን ያውለበልባል፣ ባለ ታክሲው ጥሩንባ ይነፋል፣ እኔም ደረቴ ተነፍቷል። አጎቴ አጠገቤ ቆሞ ዓይኑን ከሰዓቱ አይነቅልም። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፍን። ሁለተኛውን ስንጨርስ ሰዓቱ ስድስት ከሩብ ሆነ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከኮፈኑ የሚመጣው ሙቀት ጉልበቴን ይለበልበኛል። ያኔ ነው ሁሉም አንድ ላይ የገባኝ። እኩለ ቀን፣ ሙሉ ጭነት፣ ይሄው ዳገት። ይህ ሰውዬ ትርኢት እየሄደ አይደለም፤ ያን ቀን እየደገመው ነው!

«አንተ!» አልኩት፣ «ምን እየሠራህ ነው?»

ወዲያው የውሃ ታንከሩ ታየ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ድርግም አለ።

የእግር ፍሬን ረገጥኩ፣ የእጁንም ሳብኩ፤ እሱስ አዲስ ነው፣ ያዘ። አጎቴ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ኋላ ታኮ አደረገ። ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩን የሚለኩሰው እሳት አለ፣ ባትሪው አለ፣ ቤንዚን ግን ወደ ካርቡሬተሩ አይደርስም። ቱቦውን ፈትቶ በአፉ ነፋው፣ ንጹሕ ነው። መልሶ ገጠመው። ግማሽ ሰዓት ቆይተን ስትቀዘቅዝ አንዴ ብትነካ ተነሳች። ሃምሳ እርምጃ ሄዳ ድርግም። እንደገና ቆይተን አስነሳናት፤ እንደገና ድርግም።

አጎቴ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። «ሁሉም ልክ ነው» ይላል፤ «ሁሉም እንደ መጽሐፉ ነው። ሁሉም ልክ ነው።»

አባቴ በከረጢቶቹ መሃል ቀስ እያለ ወረደ። መቆንጠጫዋ እጁ ላይ ናት። የተከፈተውን ሞተር ትክ ብሎ አየና፣ «ያን ቀንም ልክ እንዲህ ነው ያደረገችው» አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ረስቼው ነበር ማለት ነው። ሰው አነሳብኝ ብዬ በሰው አሳበብኩ፤ ለካ እኔው ነኝ የረሳሁት። የዚያች ሴትዮ እግር በእኔ ነው የተሰበረው።»

ወደ እሱ ተጠጋሁ።

«አልረሱም» አለ አጎቴ።

«ምን?»

«አልረሱም ጋሼ።» ቀና አላለም፤ ለአስፋልቱ ነው የሚያወራው። «ሰክተዋቸው ነበር። እኔ ነኝ ያነሳኋቸው። የዚያን ዕለት የጋራዡ ኃላፊ ሞተር በሞተር አያለሁ ብሎ ነበር። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። ቱቦው ላይ የተደረደረ የቆሸሸ እንጨት አየሁ። ምን ቆሻሻ ነው ብዬ ለቅሜ በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ ፈራሁ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁና አላየሁም አልኩ።»

እናንተዬ፣ እጄ ላይ የጎማ መፍቻ ነበር። ያን ብረት መሬት ላይ ያስቀመጥኩበትን ጉልበት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ዓይንህን በጨው አጥበህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማዕዳችን ላይ ተቀመጥክ!» አልኩት። «እናቴ ስትሞት እንኳ አጠገቧ ነበርክ! ይሄ ሁሉ አሸዋስ? ይሄ ሁሉ ትዕይንት ለምንድን ነው?»

«ያለ መቆንጠጫ ብትወጣ ብዬ ነዋ!» አለ፣ እንባው ወረደ። «በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጭነት፣ ያለ ምንም መቆንጠጫ ብትወጣ፣ የጣልኩት እንጨት ከንቱ ነበር፣ የሆነው በሌላ ምክንያት ነው ብዬ ላርፍ ነበር። ሦስት ዓመት የሠራኋት ለዚህ ነው። እምቢ አለችኝ።»

እኔ አባቴን አየሁት። ይጮኻል ብዬ፣ ይወድቃል ብዬ። እሱ ግን ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ነገር አጥብቆ ማወቅ የፈለገ ሰው ፊት ነው።

«ስንት ነበሩ?» አለው።

«ስምንት።»

«ቆጥረሃቸዋል?»

«ወደ በርሜሉ አንድ በአንድ ነው የወረወርኳቸው። ስምንት ነበሩ።»

«ሁለቱ እታች ማጠፊያው ላይ ነበሩ? አንዱ ባንዱ ላይ?»

«እነሱን ለመንቀል ነው የተቸገርኩት። ጣቴን ቆንጥጠውኛል።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። «እንግዲያው ሰክቼ ነበር» አለ። ደግሞ፣ «ሰክቼ ነበር» አለ። ከዚያ ነው ቁጣው የመጣው፣ እሱም በቀስታ፤ «አሥራ ሰባት ዓመት በር ከፈትኩ እኮ አንተ! በየቀኑ ሰላም እያልከኝ ታልፍ ነበር እኮ!» አጎቴ ራሱን በክንዱ ሸፈነ። እኔም ላግዘው ብዬ አፌን ስከፍት አባቴ እጁን አነሳ። «ተይው። መጀመሪያ መኪናዋ ትነሳ፣ መንገድ ዘግተናል። ሰባት መቆንጠጫ ፈልጊልኝ፤ የእንጨት ይሁን፣ ፕላስቲክ ይቀልጣል።»

ሹፌር ማለት ይህ ነው።

ከታንከሩ ማዶ ልብስ የተሰጣበት ግቢ አየሁና ሄጄ አንኳኳሁ። አንዲት ሴትዮ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ ወጣች። «እህቴ፣ ሰባት መቆንጠጫ ታውሽኛለሽ?»

«የት ልታሰጪ ነው?»

«አውቶቡስ ላይ።»

ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። ከገመዱ ሰባት ነቅላ፣ ልብሶቿን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ «ይሄንንስ ሳላይ አልቀርም» ብላ ተከትላኝ መጣች። ተመስገን፣ እንደ እኔ የሚጎረጉር ሰው አለ።

አባቴ እጅጌውን ሰበሰበ። ጣቶቹ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልሠሩ አይመስሉም። ስድስቱን ቱቦው ላይ በተርታ ጠቅ ጠቅ አደረጋቸው። ሰባተኛውንና ከኪሱ ያወጣትን ስምንተኛዋን ግን እታች ቱቦው የሚታጠፍበት ጋ፣ አንዱን ባንዱ ላይ አቆላልፎ፣ ከማሰሪያው ሥር አስገባቸው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የፋብሪካው ማሰሪያ ቱቦውን ከጋለው የጭስ መውጫ ብረት ጋር አለጥፎ ነው የሚይዘው። ሁለቱ መቆንጠጫዎች ሲገቡ ቱቦው አንድ ጣት ያህል ከብረቱ ራቀ።

«አባዬ፣ እነዚህ ስድስቱ እኮ ምንም አይሠሩም» አልኩት። «ሥራው ያለው ሁለቱ ጋ ነው። ቱቦው ብረቱን ስለሚነካ ቤንዚኑ ውስጡ ይፈላል፤ እንፋሎት ሲሆን ፖምፓው የሚስበው ያጣል። ሁለቱ ያርቁታል፣ በቃ!»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። «አሥራ አራት ዓመት ሰክቼ አንድ ቀን አላየሁትም» አለና ሳቀ። «ይሁን፤ ስድስቱንም አትንኪብኝ።»

አጎቴ ሊገባ ሲል አባቴ «አንተ ከኋላ» አለው። ከኋላ ወንበር ከረጢቶቹ መሃል ተቀመጠ። ቀዝቀዝ እስክትል ጠበቅንና አስነሳኋት። ሃምሳ እርምጃ። መቶ እርምጃ። አራተኛው ኩርባ፣ አምስተኛው። ሞተሩ አንድ ወጥ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ባለ መቆንጠጫዋ ሴትዮ ከታች ስታጨበጭብ በመስታወት አየኋት። ጫፍ ላይ ስንወጣ አባቴ ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ስምንት ብሏል አይደል?»

«ስምንት ብሏል አባዬ።»

ሜዳው ስንደርስ ትርኢቱ ተጋምሷል። አፍንጫቸው የሚያበራ የጭነት መኪኖች፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ተሰልፈዋል። አባቴ ወርዶ የአውቶቡሷን በር ዘጋና ሄደ። በሩን ሊያይ ይመለሳል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት። አልተመለሰም።

ዳኛዋ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ወረቀት በክንዷ ያቀፈች ሴት ናት። ወንበሩን አየች፣ ብሎኑን አየች፣ ራሷን እየነቀነቀች ታደንቃለች። የድሮ የዲፖ ጡረተኞችም ያችን አውቶቡስ አውቀዋት ከበዋታል። ከመሃላቸው አንዱ፣ የቀድሞው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ አባቴን ሲያይ «ኧረ መቆንጠጫው መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ። ኮፈኑ ተከፈተ። ሳቁ ቀጥ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ዳኛዋ። «ይህን የመሰለ ሥራ በልብስ መቆንጠጫ? በሉ አንሱትና ሙሉ ነጥብ ልሙላላችሁ። አንደኛ እንደሆናችሁ ቁጠሩት።»

ሰው ሁሉ አጎቴን አየው። ኦሪጅናል ነው፤ ሦስት ዓመት ለዚህ ደክሟል። እሱ የግምጃ ቤቱን ሰውዬ፣ ጡረተኞቹን፣ ሁሉንም በየተራ አየና ድምፁን ከፍ አደረገ። «አላነሳም። አንድ ጊዜ አንስቼ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ጠዋት መቆንጠጫዎቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ስምንት ነበሩ። ኮሚቴው ፊት አላየሁም ብዬ ዋሸሁ። ጋሼ ልክ ነበሩ፣ እናንተም በከንቱ ነው የሳቃችሁባቸው።»

ማንም አልሳቀም። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ዳኛዋ ነገሩ ባይገባትም ወረቀቷ ላይ ጻፈች፤ «መቆንጠጫ፣ ስምንት፣ ከፋብሪካ ያልመጣ»። ሁለተኛ እንኳ አልወጣንም። አባቴ ግን ጊዜ አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ ወደ ሞተሩ እያጎነበሰ «እንዴት ነው የሚሠራው?» ይለዋል፣ እሱም በጣቱ ማጠፊያውን እያሳየ ያስረዳል። እኔ ያገኘሁትን ራሱ እንዳገኘው አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ይሁንለት።

መዝጊያው ላይ መኪኖቹ በሙሉ ሜዳውን አንዴ ዞረው በኋላው በር ይወጣሉ። ሜዳው ውስጥ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ከወንበሬ ተነስቼ «ና አባዬ፣ ያዝ» አልኩት። አባቴ መሪው ላይ ተቀመጠ። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ አንድም አልነቀነቃትም፤ እኔ ጠዋት ሁለቴ ነቅንቄያታለሁ። ዞርን። የኋላው በር ትልቅ የብረት በር ነው፣ አንዱ ክንፉ በነፋስ ተመልሶ ግማሽ ተዘግቷል። አባቴ ፍሬን ያዘ።

አጎቴ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ወርዶ ሮጠ። በሩን በሁለት እጁ ገፍቶ ከፈተውና እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኑን ወደ እኛ አላነሳም። ነፋሱ በሩን ይገፋዋል፣ እሱ ይይዘዋል፣ ደግሞ ይገፋዋል።

አባቴ መስኮቱን ወደ ታች አወረደ። አሁን ይሰድበዋል አልኩ።

«በእጅህ አትችለውም» አለው። «በእግርህ ደግፈው፤ ነፋስ ይመልሰዋል።»

አጎቴ ቀኝ እግሩን ከበሩ ሥር አስገባ። አባቴ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ አለፈ። ከበሩ ውጪ ዳር ይዞ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ የአውቶቡሷን በር ከፍቶ ጠበቀው።